ጅምሩን የተረከበው ግንበኛ

በሕንፃ ሥራ ያለፈ ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ ነገር አለ፤ የሌላ ሰው ጅምር ተረክቦ መጨረስ። መሠረቱን ያወጣው ሌላ ነው። ግድግዳውን ያቆመው ሌላ ነው። ፕላኑ ግማሹ ጠፍቷል፣ ግማሹ ተቀይሯል። ባለቤቱም ያው ሰው አይደለም፤ አዲሱ የራሱ አምሮት አለው። አዲስ አበባ ሳይት ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲመጣ የሁላችንም ፊት ይጠቁር ነበር። «ከባዶ መሬት ብንጀምር ይሻል ነበር» ያላለ ፎርማን አላውቅም።

ኑሮዬ ወደ እንግሊዝ ከዞረ በኋላ ብዙ የድሮ ሕንፃ አየሁ። ካቴድራሉም ቤተ መንግሥቱም ያምራል። ልቤን የወሰደው ግን ካምብሪጅ ያለው የኪንግስ ኮሌጅ ጸሎት ቤት ነው። ይህ ሕንፃ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የጅምር ታሪክ ነው። ያስጀመረው ንጉሥ ፍጻሜውን አላየም። የመጀመሪያው ግንበኛ ጣሪያውን አላየም። ጣሪያውን የሠራው ሰው ደግሞ ግድግዳውን የወረሰው ከሞቱ ሰዎች ነው። እንዲህም ሆኖ፣ ገብቶ የሚያይ ሰው አንድ እጅ በአንድ ትንፋሽ የሠራው ይመስለዋል።

ታሪኩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ ኮሌጁን በ1441 ሲመሠርት ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ዘውዱን የወረሰው አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኢተን የሚባለውን ትምህርት ቤት አቋቁሟል፤ ከዚያ የሚወጡት ልጆች ካምብሪጅ መጥተው እንዲቀጥሉ አሰበ። ለዚህም በከተማዋ እምብርት፣ ከወንዙ ዳር፣ ቤቶችን አስነሳ፣ መንገድ ዘጋ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንም አስፈረሰ። በዚያ መንገድ ላይ ሲነግዱ የነበሩ ሰዎች ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅትም። ጁላይ 25 ቀን 1446 የጸሎት ቤቱን የመሠረት ድንጋይ ራሱ አኖረ። ካለመው ሰፊ ግቢ ውስጥ በእሱ ሐሳብ ተሠርቶ ያለቀው ይኸው ጸሎት ቤት ብቻ ነው።

ሕንፃው ቀጥ ያለ አንድ ረጅም አዳራሽ ነው። ርዝመቱ 88 ሜትር ገደማ ነው። የውስጥ ወርዱ 12 ሜትር፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ያለው ከፍታ ደግሞ 24 ሜትር ይሆናል። ጣሪያውን ከመሐል የሚሸከም አንድም ዓምድ የለም። ከፍታው የወርዱ እጥፍ ስለሆነ ገና እንደገባችሁ አንገታችሁ በራሱ ጊዜ ቀና ይላል።

የመጀመሪያው ዋና ግንበኛ ሬጂናልድ ኢሊ ይባላል። ሥራውን ከምሥራቅ ጀምሮ ወደ ምዕራብ ገፋ። ድንጋዩ ከሰሜን፣ ከዮርክሻየር የመጣ ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው፤ በባሕርና በወንዝ ተጭኖ ነበር የሚደርሰው። በ1461 ሄንሪ ከዙፋኑ ወረደ። ገንዘቡ ቆመ፣ ሠራተኛው ተበተነ። የንጉሡ መማረክ ሲሰማ ድንጋይ ጠራቢዎቹ አንዱን ድንጋይ ግማሽ ድረስ ሰንጥቀው ጥለውት ሄዱ ይባላል። ያው ድንጋይ በ1724 ለተጀመረው የጎረቤት ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ሆነ ብለውም ያወራሉ። እውነትም ይሁን ተረት፣ ሳይት ሲቆም ያየ ሰው ያምነዋል። ብር የለም ከተባለ በኋላ የያዘውን የሚጨርስ የለም። ሄንሪም በ1471 ለንደን ታወር ውስጥ እንደታሰረ ሞተ፤ ተገድሎ ነው የሚባለው።

ሥራው የቆመበትን ቦታ ዛሬ ውጭ ቆማችሁ በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ነጩ ድንጋይ በምሥራቅ በኩል ከፍ ይላል፣ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ዝቅ ይላል። ከሱ በላይ ያለው ወደ ቢጫና ቡኒ የሚያደላ ድንጋይ ከሌላ የድንጋይ ካባ፣ በሌላ ንጉሥ ገንዘብ የመጣ ነው። ልስን ለጥፎ ልዩነቱን የደበቀው ሰው የለም። እኔ ይህን መስመር ስፈልግ ብዙ ጊዜ አጠፋለሁ። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ በአጠገቡ አልፎ ወደ በሩ ይሮጣል፤ ለእኔ ግን የሕንፃው የሕይወት ታሪክ የተጻፈው እዚያ ነው።

ከዚያ ንጉሥ በንጉሥ ላይ ተተካ። ኤድዋርድ 4ኛ ጥቂት ሰጠ። ሪቻርድ 3ኛ በአጭር ዘመኑ ሥራውን ገፋ አደረገው፤ በ1485 እሱም ጦር ሜዳ ላይ ወደቀ። አዳራሹ በርዝመቱ በመስኮቶቹ ልክ 12 ክፍል ይሆናል፤ በምሥራቅ በኩል ያሉት አምስቱ የእንጨት ጣሪያ አግኝተው ነበር። የተቀረው ሰማይ ሲያየው ሃያ ዓመት አለፈ። ሄንሪ 7ኛ በ1506 መጥቶ ጎበኘው፤ ገንዘብም ፈቀደ። በ1508 መዶሻው እንደገና ይሰማ ጀመር። ንጉሡ በ1509 ሲሞት ሥራው አልቆመም፤ ትቶት በሄደው ገንዘብ በልጁ በሄንሪ 8ኛ ዘመን ቀጠለ።

ጆን ዋስቴል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰው እንግዳ አልነበረም። ቀደም ሲል የሕንፃው ዋና ግንበኛ ከነበረው ከሳይመን ክላርክ ጋር ሠርቷል። የካንተርበሪ ካቴድራል ትልቁ ማማም የእሱ እጅ ነው። ለጣሪያው የፈረመው ውል ዛሬም አለ። ዋጋው በክፍል ነው የተቆረጠው፤ ለአንዱ 100 ፓውንድ፣ ለ12ቱ 1,200 ፓውንድ። ጊዜው 3 ዓመት። ሥራው ላይ 60 ድንጋይ ጠራቢ ሳይጓደል እንዲያሰማራም ያስገድደዋል። ይህን ሳነብ ልቤ ሞቀ። ከ500 ዓመት በፊትም የሰው ኃይል ቁጥር፣ የማስረከቢያ ቀንና የክፍያ መጠን በወረቀት ሰፍሮ ይፈረም ነበር። ዋስቴልም ቃሉን ጠበቀ። በ1515 ድንጋዩ አለቀ።

አሁን ስለ ጣሪያው ረጋ ብዬ ላውራ፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለእሱ ስል ነው።

ማራገቢያ ጣሪያ ይሉታል። የእንግሊዝ ግንበኞች ፈጠራ ነው። ቀደምቶቹ በ14ኛው መቶ ዘመን በግሎስተር፣ በጠባብ የገዳም መተላለፊያ ላይ ተሠሩ። 12 ሜትር ወርድ ያለው አዳራሽ ላይ መሥራት ግን ሌላ ድፍረት ይጠይቃል። ዛሬም በዓለም ላይ ካሉት ማራገቢያ ጣሪያዎች ትልቁ ይኸው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ቀጭን ዓምድ አንድ ግንድ ይነሳል። ከግንዱ የድንጋይ ጅማቶች በእኩል ርቀት እየተዘረጉ ይከፈታሉ። ቅርጹ ለሁለት የተሰነጠቀ የጥሩንባ አፍ ይመስላል። ጅማቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጉብጠት ስላላቸው አንድ ልክ ለብዙ ድንጋይ ያገለግላል። ድንጋዩ መሬት ላይ በልኩ ተጠርቦ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከታች በእንጨት ፎርምዎርክ ተደግፎ ቦታውን ይይዛል። ከግራና ከቀኝ የተነሱት ሁለት ማራገቢያዎች መሐል ላይ ይገናኙና እርስ በርስ ይገፋፋሉ። የሚቆሙት በዚያ መገፋፋት ነው። በየክፍሉ መሐል ወደ አንድ ቶን የሚመዝን ድንጋይ ተሰክቷል። አንዱ ጽጌረዳ ተቀርጾበታል፤ ቀጣዩ የምሽግ በር የብረት ፍርግርግ፤ ከዚያ እንደገና ጽጌረዳ። ጠቅላላ ክብደቱ ወደ 2,000 ቶን ይጠጋል። ኮንክሪት የለ፣ ፌሮ የለ። የድንጋዩ ውፍረት ደግሞ በብዙ ቦታ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ያ ሁሉ ግፊት መጨረሻው የት ነው? ወደ ውጭ፣ ወደ ግድግዳው። ግድግዳው ደግሞ አብዛኛው መስታወት ነው። ሸክሙን የሚቀበሉት በመስኮቶቹ መሐል የቆሙት ግዙፍ ደጋፊ ግንቦች ናቸው። ከውጭ ስታዩአቸው ከሚያስፈልገው በላይ ወፍራም ይመስላሉ። በመካከላቸው የቀረው ክፍተት እንኳ ባዶ አልቀረም፤ 18 ትንንሽ የጎን ጸሎት ቤቶች ወጥተውበታል። ግንቦቹን ያቀደው ዋስቴል አይደለም። መጀመሪያ የነደፋቸው ኢሊ ነው። ኢሊ ያሰበው ጣሪያም ሌላ ዓይነት እንደነበረ ብዙ አጥኚዎች ይስማማሉ፤ በምሥራቅ በኩል ያሉት የግድግዳ ዓምዶች አወጣጥ የሚጠብቀው ማራገቢያን አይደለም።

ዋስቴል እንግዲህ ምን አደረገ? አላፈረሰም። ክፍሎቹ ወርዳቸው 12 ሜትር ሆኖ ርዝመታቸው ከ7 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ለማራገቢያ አይመቹም። ማራገቢያ ሙሉ ግማሽ ክብ ሆኖ መከፈት ይፈልጋል፤ እዚህ ግን ጎረቤቱ ጋ ሲደርስ ቦታ ያልቅበታል። ዋስቴል እዚያው ላይ ቆረጠው። በክፍልና በክፍል መሐልም ጠንካራ ቅስት አሳለፈ። ያ ቅስት ዓይንን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይወስዳል፤ ማራገቢያው ደግሞ ከደጅ እስከ መሠዊያ ይስባል። ሕንፃውን ሕይወት የሰጠው ይህ ሽሚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ከባዶ ቢጀምር ኖሮ ክፍሎቹን ለማራገቢያ እንዲመቹ ያደርጋቸው ነበር፤ ጣሪያውም ይለሰልስ ነበር፤ ይህ ጉልበት ግን አይኖረውም ነበር።

ፎርምዎርኩ የተነሳበትን ቀን ደጋግሜ አስባለሁ። ድንጋይ ድጋፉ ሲነሳለት ትንሽ ይወርዳል፣ ይቀመጣል። እዚህም እዚያም ስንጥቅ ይታያል። የካምብሪጁ መሐንዲስ ዣክ ሄይማን ስለ ድንጋይ ሕንፃዎች ሲያስረዳ፣ እነዚህን የሚያቆማቸው ቅርጻቸው እንደሆነ፣ ትንሽ ስንጥቅም የተፈጥሯቸው እንደሆነ ያሳያል። ዋስቴል ይህን በቀመር አያውቅም። በእጁ ያውቀዋል። ሥራውን ያመነው በእጁ ነው።

ከጣሪያው በላይ ሌላ ጣሪያ አለ፤ ዝናብ የሚከላከለው የኦክ እንጨትና የእርሳስ ክዳን። በሁለቱ መሐል ሰው ቆሞ ይሄዳል። በፎቶ እንዳየሁት የማራገቢያው ጀርባ ሻካራ ነው፤ ጉድጓድና ጉብታ። ከታች ያ ሁሉ ዳንቴል፣ ከላይ ተራ ግንብ። ልፋቱ በግልጽ የሚታየው ከላይ ነው።

ስለ ቅርጻ ቅርጹ ያለኝን ሐሳብ ልናገር። ሄንሪ 6ኛ በ1448 ባወጣው ፈቃድ ሕንፃው ትልቅ፣ ንጹሕና ጠንካራ እንዲሆን ጠይቆ፣ ከልክ ያለፈ ጌጥ ይቅር ብሏል። በምሥራቅ በኩል ቃሉ ተከብሯል፤ ግድግዳው ቁጥብ ነው። ወደ ምዕራቡ ክፍል ስትመጡ ሌላ ዓለም ነው። ዘውድ፣ ጽጌረዳ፣ ፍርግርግ በር፣ ዘንዶ፣ አዳኝ ውሻ። የአዲሱ ሥርወ መንግሥት፣ የሄንሪ 7ኛና የልጁ፣ ምልክት ያላረፈበት ቦታ የለም። ጠራቢው ቶማስ ስቶክተን እጁ የተባረከ ሰው ነው፤ የጽጌረዳዎቹ ቅጠሎች ከግድግዳው ተላቀው ሊረግፉ የደረሱ ይመስላሉ። ያም ሆኖ ለእኔ በዝቷል። የሟቹ ንጉሥ ፈቃድ በገዛ ቤቱ ውስጥ ተጥሷል። የነገሥታቱ ማኅተም በየድንጋዩ ላይ ሲኖር፣ የዋስቴልን ስም የምናውቀው ከውሉ ወረቀት ነው። ይህ ያመኛል።

መስታወቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። መስኮቶቹ 26 ናቸው፤ በየጎኑ 12፣ በምሥራቅ አንድ፣ በምዕራብ አንድ። የምዕራቡ በ1879 ነው የገባው፤ ሌሎቹ በ1515 ተጀምረው እስከ 1540ዎቹ የዘለቁ ናቸው። የመጀመሪያው ኃላፊ ባርናርድ ፍላወር በ1517 ሞተ። መጨረሻውን ሳያይ የሄደ ሌላ ሰው ማለት ነው። ሥራው በ1526 በተፈረሙ ውሎች ለሌሎች ተላለፈ፤ ከነሱ ጋሊዮን ሆን የሚባለው ይታወቃል። ከባለሙያዎቹ ብዙዎቹ ከፍላንደርስ፣ ከዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ፣ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። የለንደን የመስታወት ሠሪዎች ማኅበር አልወደዳቸውም፤ እነሱም ከቴምዝ ማዶ፣ በሳውዝዋርክ ተቀምጠው ሠሩ። ዛሬ እንግሊዞች የሚኮሩበትን መስታወት የሠሩት ከከተማው ወሰን ውጭ የኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው።

የመስኮቶቹ አቀማመጥ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ስብከት እየሰማ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ከላይ ብሉይ፣ ከታች ሐዲስ። የላይኛው ምሳሌ ነው፣ የታችኛው ፍጻሜ። ከላይ መና ይወርዳል፣ ከታች የመጨረሻው እራት ይቀርባል። ከላይ ዮናስ ከዓሣው ሆድ ይወጣል፣ ከታች ክርስቶስ ከመቃብር ይነሳል። ንባቡ የሚጀምረው በሰሜን ምዕራብ ጥግ ነው። በሰሜኑ ግድግዳ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። በምሥራቁ መስኮት ስቅለቱ ጋ ይደርሳል። ከዚያ በደቡቡ በኩል ይመለሳል።

በሰሜን በኩል ከበሩ አራተኛው መስኮት ላይ ንግሥተ ሳባ አለች። ለሰሎሞን እጅ መንሻ ታቀርባለች። ከሥሯ ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ስጦታ ያቀርባሉ። መጀመሪያ ሳያት ቆሜ ቀረሁ። ማክዳን ያየኋት አዲስ አበባ፣ ሰው ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ታሪኳ በየአራት ማዕዘኑ ተከፋፍሎ በተሳለበት ሸራ ላይ ነው። እዚህ ዓለሙ ሁሉ የዘመኑ የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ነው። ሰሎሞንም በወጣቱ ሄንሪ 8ኛ መልክ ነው የተሳለው ይባላል። ሠዓሊው አገራችንን አያውቅም፤ እሷን ግን ያውቃታል። ከሰብአ ሰገል በላይ ያስቀመጣትም ያለ ምክንያት አይደለም። የሳባ ነገሥታት እጅ መንሻ ያቀርባሉ የሚለውን መዝሙረ ዳዊት ይዞ ነው። እዚያ ሥር ቆሜ የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም።

አዳራሹን ለሁለት የሚከፍለው የኦክ እንጨት ግርዶሽ በ1530ዎቹ ነው የተሠራው። የሄንሪ 8ኛና የሚስቱ የአን ቦሊን ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተጠላልፈው ተቀርጸውበታል። አን በሜይ 1536 አንገቷ ተቆረጠ። ፊደሎቿ ግን እዚያው አሉ። በመሠዊያው ላይ ያለው የፍላንደርሱ ሠዓሊ የሩበንስ ሥዕል፣ የሰብአ ሰገል ስግደት፣ በ1961 በስጦታ የመጣ ነው። ለእሱ ሲባል የምሥራቁ ወለል ዝቅ ተደረገ። ሥዕሉ ድንቅ ነው። ለአንድ ሥዕል ብሎ ወለል መንካት ግን አልዋጥልህ ብሎኛል።

ይህ መስታወት እስከ ዛሬ መቆየቱም ቀላል አይደለም። በ1640ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት የፓርላማው ወታደሮች በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይሰለጥኑ ነበር። የቅዱሳን ሥዕል እያሳደደ የሚያሰብር ዊልያም ዳውሲንግ የሚባል ሰውም መጥቷል። በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ብዙ አጥፍቷል፤ እዚህ መስኮቶቹ ተረፉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ጥንታዊው መስታወት ቁራጭ በቁራጭ ወርዶ ምድር ቤት ተደበቀ። ሰላም ሲሆን ተመልሶ ተገጠመ። ያን ሁሉ ቁራጭ አውርዶ፣ ምልክት አድርጎ፣ ቦታ ቦታው የመለሰው ሠራተኛም ከዋስቴል ተራ ይቆጠራል እላለሁ።

ሥራው አሁንም አላበቃም። በ2023 የእርሳስ ክዳኑ ሲታደስ 438 የፀሐይ ኃይል ፓነሎች ተገጠሙበት። ብዙ ክርክር ነበረው። እኔ ደስ ብሎኛል። ይህ ቤት ገና ከጥንቱ እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ሲጨምርበት ነው የመጣው፤ ፓነሉ ደግሞ ከዝናብ ክዳኑ ላይ ነው ያለው፣ የዋስቴልን ድንጋይ አይነካም።

ለማየት ለምትሄዱ ጥቂት ልንገራችሁ። ለጉብኝት መግቢያ ይከፈላል። ትምህርት በሚሰጥባቸው ወራት የሚካሄደው የማታ ጸሎት ግን ለሁሉም በነፃ ክፍት ነው። 16 ሕፃናትና የኮሌጁ ተማሪዎች ይዘምራሉ። ድምፃቸው በዚያ ጣሪያ ሥር ቶሎ አይጠፋም፤ አንዱ ዜማ ሳያልቅ ሌላው ይደርብበታል። ከገና በፊት ባለው ዕለት የሚደረገው የዘጠኙ ንባባት መርሐ ግብር ከ1918 ጀምሮ አለ፤ በሬዲዮ መተላለፍ የጀመረው በ1928 ነው። 

ስትገቡ መጀመሪያ ግርዶሹን አልፋችሁ ወደ ምሥራቅ ሂዱና ጀርባችሁን ለመሠዊያው ሰጥታችሁ ጣሪያውን እዩ። ቀጥሎ የግድግዳዎቹን ዓምዶች አወዳድሩ፤ የምሥራቁን ከምዕራቡ። ከተቻላችሁ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያዙ። የመስታወቱ ሠዓሊዎች ከፍ ብሎ ያለን ፊት እንኳ በጥንቃቄ ስለውታል፤ በባዶ ዓይን በደንብ አይታይም።